ጳጉሜ 6 ከየት መጣች?

ፉሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮድ የማስተምራቸው ልጆች የጳጉሜን ሕግ ወዲያው ይጽፉታል፦ ዓመቱን ለ4 አካፍል፣ ቀሪው 3 ከሆነ 6 ቀን፣ ካልሆነ 5። ልክ ነው፤ ግን ለምን?

መልሱ ያለው የአብነት ተማሪ በቃሉ በሚያጠናው ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ስሌት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ትሰጠዋለች። እዚያ አንድ ዕለት፣ ቀኑም ሌሊቱም፣ 60 ኬክሮስ ነው፤ 1 ኬክሮስ 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። በ60 መክፈል የባቢሎናውያን ልማድ ነበር፤ የእጅ ሰዓታችን 60 ደቂቃም ከዚያው የወረደ ነው።

ዓመቱ ደግሞ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው። ትርፏ 15 አትጣልም፣ ትጠራቀማለች፤ በ4 ዓመት 60 ሞልታ አንድ ሙሉ ዕለት ትሆናለች። ጳጉሜ 6 ይቺው ናት። በ2015 መጥታ ነበር፤ ቀጣዩ 2019 ነው።

አሁን ልጆቹን ከኮዱ በፊት ኬክሮስ አስቆጥራቸዋለሁ።