ደሴና አምፖሉ፦ የአንድ ዓመት ልጆች

አንድ የደሴ ሰው ስለ ከተማው አመሠራረት ብትጠይቁት አፄ ዮሐንስ 4ኛን ሳይጠራ አያልፍም። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል፤ ደስታዬ እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ቶማስ ኤዲሰን ኒውዮርክ ፐርል ስትሪት ላይ የኃይል ማመንጫ ከፍቶ ወደ 400 አምፖሎች አበራ።

ታዲያ ኤዲሰን ምን አዲስ ነገር አመጣ? መብራትማ ከእሱ በፊትም ነበር። የአውሮፓ ጎዳናዎች በአርክ መብራት ደምቀዋል። ግን መብራቶቹ እንደ መቁጠሪያ አንዱ ከአንዱ ተከትሎ የተያያዙ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት «ሲሪስ» የምንለው ማለት ነው። አንዱ ከተቃጠለ ሁሉም ይጠፋል። እስቲ አስቡት፣ እናንተ ልትተኙ መብራት ስታጠፉ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም!

ኤዲሰን መሰላል ሠራ። ሁለት ዋና ሽቦዎች ዘረጋና እያንዳንዱን አምፖል እንደ መሰላል እርከን በመሃላቸው አስቀመጠ። ፓራለል ይኼው ነው። ሁሉም እኩል ቮልቴጅ ያገኛል፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አይነካም። ችግሩ ከረንቱ ይደመራል፤ ከረንት ሲበዛ ደግሞ ወፍራም መዳብ ይፈልጋል፣ መዳብም ውድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ከረንት ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን ክር ያለው አምፖል መረጠ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ220 ቮልት 60 ዋት አምፖል ሩብ አምፔር ያህል ይወስዳል። የ3,500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ይስባል። ምጣዱ ላይ ሌላ ምድጃ ሲጨመር ፊዩዙ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በበዓል ዋዜማ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ አምፖሉ ለምን ይፈዛል? ፓራለል አይደለም እንዴ? ነው፤ ግን ከትራንስፎርመሩ እስከ ሰፈሩ ያለው ሽቦ የጋራ ነው። ያ ሽቦ ከሁላችንም ጋር በሲሪስ ነው። ከረንቱ ሲበዛ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ከተበጠሰማ ማንም አይተርፍም።

ይህን እኛ ከፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደሴ ጨለመች። አምፖሉ ደህና ነበር፣ ፊዩዙም እንዲሁ፤ የጠፋው ከላይ ነው። መንግሥት ሁለቱን ከተሞች ማስመለሱን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር።

ትዝ ይለኛል፣ መምህራችን ሰርኪዩት ሲስሉ ባትሪውን ሰሌዳው ጥግ ላይ በሁለት መስመር ያሳዩትና ወደ ቅርንጫፎቹ ያልፋሉ። ፈተናውም ከቅርንጫፎቹ ይወጣል። ዛሬ ባስተምር ኖሮ ግን አንድ ጥያቄ እጨምር ነበር፦ «ባትሪው ጋ ያለው ሽቦ ቢቆረጥ ስንት አምፖል ይበራል?»