የነጎድጓድ ጋማ ጨረርና «ምድራዊ» የሚለው ስያሜ

ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሲ. ቲ. አር. ዊልሰን በ1925 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የነጎድጓድ ደመና የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖችን እጅግ ሊያፈጥን እንደሚችል ገልጦ ነበር። ማስረጃው የተገኘው ግን ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በ1991 ወደ ጠፈር የተላከችው ኮምፕተን ሳተላይት ከሩቅ ሰማያት የሚመጣ ጋማ ጨረር ስትጠባበቅ፣ ጥቂት የሴኮንድ ሺኛ ክፍሎች ብቻ የሚቆይ ጨረር ከበታችዋ ደረሳት። ፊሽማንና ባልደረቦቹ ግኝቱን በ1994 ሲያሳውቁ ምንጩን ከባቢ አየር አሉት፤ ኋላ የጸናው ስያሜ ግን «ምድራዊ» የሚል ሆነ።

ስሙን ያወጣው እንግዲህ የሳተላይቷ አቀማመጥ ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ደመናውም ምድር ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ነው፤ «ምድራዊ» ሲባልም የሰማያዊ ተቃራኒ፣ አለዚያም ዓለማዊ ማለት ይመስለዋል። «ብልጭታ»ም ዓይን የሚያየውን ስለሚያመለክት እንከን አያጣውም፤ ቅጽበታዊነቱን በሚገባ ስለሚገልጥ ግን አንጥለውም። ስለዚህ «የነጎድጓድ ጋማ ብልጭታ» የሚለውን እንመርጣለን። በ2009 ፌርሚ ሳተላይት ከግብፅ በላይ ሳለች፣ ዛምቢያ ላይ ከነበረ ነጎድጓዳማ ደመና ተነሥተው በምድር መግነጢሳዊ መስክ እየተመሩ የደረሷት ኤሌክትሮኖችና ፖዚትሮኖች ግን ጋማ ጨረር ስላልሆኑ፣ ሌላ ስም ያሻቸዋል።