ዝቋላ ስትሉ የትኛው ዝቋላ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ስልካችሁን አውጡና «ዝቋላ» ብላችሁ ፈልጉ። ቀድሞ የሚመጣላችሁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት የሸዋው ተራራ ነው። እኔ ታሪክ የማስተምርበት ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ስሙ አንድ፣ ቦታው ሁለት። የወረዳችንን ከተማ ልፈልግ ብትሉ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጽጽቃ፣ ፅፅቃ፣ ፂፂቃ ተብላ ትጻፋለች። ቦታው አንድ፣ ስሙ ሦስት። ዞናችን ራሱ አንዱ ጋ «ዋግ ኽምራ»፣ ሌላው ጋ «ዋግህምራ»፣ ሌላው ጋ «ዋግ ሕምራ» ነው። አንዱን አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው የቀረውን ሳያይ ያልፋል።

ይሄ የፊደል ጨዋታ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ተጽፎ የማይገኝ ነገር ካልተጻፈ ነገር በምን ይለያል? ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው፤ አገራችን የጻፈችውን እንዴት ታስቀምጥ እንደነበር፣ እንዴትስ ትፈልገው እንደነበር።

ከድሮው እንጀምር። የመዝገብ ቤት ሹም በሌለበት ዘመን የመሬት ሰነድ የት ይቀመጥ ነበር? ቤተ ክርስቲያን፣ ያውም ወንጌሉ ውስጥ። የወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የጉልቱ ስጦታ፣ የምስክሮቹ ስም፣ በመጨረሻም ሰነዱን በሚፍቅ ሰው ላይ የሚወርደው ግዝት ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ «የወርቅ ወንጌል» ይባላል። ከታወቁት አንዱ የደብረ ሊባኖስ ነው። ደብረ ሊባኖስ ስላችሁ የሸዋው ትዝ አላችሁ አይደል? አይደለም! በአሁኗ ኤርትራ፣ ሽመዛና ያለው ነው። አያችሁ፣ እንደ ዝቋላ ነው ነገሩ። በዚያ ወንጌል ውስጥ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዛግዌው ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው የመሬት ስጦታ ተጽፎ ይገኛል። የዋግሹሞች ቤት ዘሩን ከዛግዌ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ለዋጎች የሩቅ ወሬ አይደለም።

የዚህ አሠራር ብልሃቱ ቦታው ነው። ወንጌል አይጣልም፣ አይሸጥም፣ ወንበዴም ቢሆን ይፈራዋል። ቦታው ራሱ ለሰነዱ ማኅተም ሆነው ማለት ነው። ጉድለቱ ደግሞ ማውጫ የለውም። የትኛው ስጦታ በየትኛው ቅጠል ላይ እንዳለ የሚያውቀው ገበዙ ወይም አለቃው ነው። ማውጫው ሰው ነበር። አለቃው ሲሞት መጽሐፉ አለ፤ ማውጫው ግን አብሮ ተቀበረ።

በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተከፈተ። ሕዝቡ ስሙን አሳጥሮ «ወመዘክር» አለው። «ወ» በግዕዝ «እና» ማለት ነው፤ እና ተቋሙን «እና መታሰቢያ» እያልን ነው የምንጠራው! መዝገብ ውስጥ ከ«ቤ» ወደ «ወ» ተሰደደ። አዲስ ሰው በየትኛው ፊደል ይፈልገው?

ፊደል ካልኩ ስለ ተራውም ልናገር። ሁላችንም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን ነው የተማርነው። ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት የሄደው በዚህ ተራ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት (የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው) ስትከፍቱ ግን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ብሎ ይጀምራል። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ የመጽሐፋቸውም ርእስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። «አዲስ»ን በአልፋው አ የሚፈልግ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዐይኑ ዐ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሊቃውንቱ ይሄን ያደረጉት ተማሪ ለማስቸገር አይደለም። ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ ሰረቀ ማለት የሌባ ሥራ ነው። ፊደሉ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል።

ይሄን ሁሉ ተሸክመን ነው ኮምፒውተር ውስጥ የገባነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀ ሌላ ቁጥር፣ ሐ ሌላ ቁጥር፣ ኀ ሌላ ቁጥር። ትክክል ነው፤ አለዚያ ሠረቀና ሰረቀ ይምታቱ ነበር። ግን ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ ለእኔና ለእናንተ አንድ ሰው ሲሆን፣ ካልነገሩት በቀር ለማሽኑ ስድስት ሰው ነው።

አሁን ወደ ሰው ስም እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም ይኖረዋል ይላል። በአስተዳደር ጽሑፍም የቤተሰብ ስም ይቀድማል ይላል። ስንቶቻችሁ የቤተሰብ ስም አላችሁ? ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ሕዝቡ በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም ቀጠለ። ወጉ የሕዝብ ነውና ከላይ የመጣ አደረጃጀት ሊያዘው አልቻለም።

ወጉ ድንበር ሲሻገር ግን ይታመሳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስቡ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ቁጥር በቁጥር፣ ቅጠል በቅጠል አንብበው ካታሎግ ያዘጋጁልን ሊቅ ናቸው። ያ አለቃ ጭንቅላት ውስጥ የነበረውን ማውጫ ወረቀት ላይ አወረዱልን ማለት ይቻላል። እሳቸው ራሳቸው ግን በብዙ የውጭ መጽሐፍ ዝርዝር ውስጥ በአባታቸው ስም፣ «ኃይሌ» ተብለው ነው የሚገኙት። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ግን ወጋችንን አክብሮ ሰውን በራሱ ስም አስቀመጠ። ይቻላል ማለት ነው።

ለእኛ ለዋጎች ትልቁ ምሳሌ ዋግሹም ጎበዜ ነው። ከቴዎድሮስ በኋላ፣ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም.፣ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። በየትኛው ፊደል ይመዝገብ? በ«ጎ»? በ«ዋ»? በ«ተ»? በ«ተ» ካልን ደግሞ ከእሱ በፊት ሌላ ተክለ ጊዮርጊስ አለ፣ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባለው፤ ስለዚህ የእኛው «ዳግማዊ» ይባላል። ክፍል ውስጥ ስለ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ ሳስተምር ተማሪዎቼ ዝም ብለው ይጽፋሉ። «ዋግሹም ጎበዜ እኮ ነው» ስላቸው ቀና ይላሉ። ሰውየው አንድ ነው። በአንደኛው ስም የሩቅ ንጉሥ ነው፣ በሌላኛው የአገራቸው ሰው። መዝገቡ የመረጠው ስም ታሪኩን ለማን ቅርብ፣ ለማን ሩቅ እንደሚያደርገው ተመልከቱ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል ይኖራል። ነገሩ የዳቦ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከአካባቢያችን ብዙ ሰው ተፈናቀለ፤ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ሰነድ ተቃጠለ፣ ተበተነ። ተማሪው የቀረችውን አንዲት ካርድ ይዞ ይመጣል። ካርዱ ላይ «ኃይለ»፣ አዲሱ መዝገብ ላይ «ሀይላይ»፤ የአያት ስሙ አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። የፈተና ምዝገባ ሲመጣ «አንተ አንተ አይደለህም» ይባላል። ምስክር ፍለጋ፣ ማመልከቻ፣ ምልልስ። እናቶች ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ሲመላለሱ አይቻለሁ። ለአንድ ፊደል!

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አሁን ደግሞ ፋይዳ መጥቷል፤ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር። ቁጥር ጥሩ ነው፤ ሀ እና ኀ የለበትም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚያስረው ከዛሬ ወዲያ ያለውን ነው። የትናንቱ ካርድ፣ የትናንቱ የልደት ወረቀት በስም ነው የተጻፈው። የትናንቱን ከዛሬው የሚያገናኘው አሁንም ስም ነው።

መፍትሔው ሁሉንም በግድ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስጻፍ አይመስለኝም። ሠረቀና ሰረቀ እንደተለያዩ ይኑሩ። መዝገበ ቃላት ስታነቡ «ተመልከት» የምትል ቃል አለች አይደል? መፍትሔው እሷ ናት። አንድ ዋና ስም ምረጥ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ወደ እሱ መንገድ አብጅ። ዋግሹም ጎበዜ፦ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊን ተመልከት። ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ፦ ዋግሹም ጎበዜን ተመልከት። ማንም ስሙን አይነጠቅም፣ ማንም አይጠፋም።

እና መምህራን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ የቀበሌ ጸሐፊዎች፦ አዲስ ተማሪ ስትመዘግቡ ከካርዱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ ልዩነት ካለም ሁለተኛውን አጻጻፍ ከጎኑ ጻፉት። አንዲት መስመር ናት። ወጣቶች ደግሞ፣ በኽምጣና የምትጠሩትን የመንደራችሁን፣ የወንዛችሁን፣ የተራራችሁን ስም አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ከአማርኛው ስም ጎን አስፍሩ። እነሱ ዛሬ እንደዚያ የወንጌል አለቃ ናቸው፤ ማውጫው ያለው እነሱ ጋ ነው።

እስቲ በእናንተ አካባቢ ሁለት ስም ያለውን ቦታ ወይም ሰው ከታች ጻፉልኝ። ሰብስቤ በአንድ ደብተር አስቀምጠዋለሁ፤ «ተመልከት» እያልኩ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።