የዲናሞ ቺንጋ መንሸራተት

የዲናሞ ቺንጋ መንሸራተት የሞተሩን ኃይል ወደ ዲናሞው የሚያደርሰው የጎማ ቀበቶ ፑሊውን መያዝ አቅቶት በላዩ ሲንሸራተት የሚፈጠር ብልሽት ነው። «ቺንጋ» ከጣሊያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው። አልተርኔተር የሚባለው መሣሪያም በኢትዮጵያ ጋራዦች በተለምዶ ዲናሞ ይባላል።

ካሚዮኖቹ

በኢትዮጵያ ስለ አሮጌ የወታደር ካሚዮን ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው «ኦራል» ነው። ይህ በሩሲያ ሚያስ ከተማ የሚሠራው ኡራል ሲሆን፣ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያ መቀበል ከጀመረበት ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በብዛት ከገቡት መኪናዎች አንዱ ነው። ኡራል-375 ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ አለው። ተከታዩ ኡራል-4320 ደግሞ በካማዝ-740 የናፍጣ ሞተርና በ24 ቮልት ይሠራል። ዚል-131 የተባለው ካሚዮንም የዚያው ዘመን ነው።

በዚል-131 የዲናሞው ቺንጋ የራዲያተሩን ውኃ የሚገፋውን ፖምፓም ያዞራል። በካማዝ-740 ሞተርም ሁለት ጎን ለጎን የተገጠሙ ቺንጋዎች ዲናሞውንና የውኃ ፖምፓውን አብረው ያዞራሉ። ስለዚህ ቺንጋው ሲንሸራተት ባትሪው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሞተሩም ይሞቃል። ካማዝ-740 ላይ ማራገቢያው በቺንጋ ሳይሆን በዘይት በሚሠራ ማያያዣ ስለሚዞር፣ ማራገቢያው ደህና ሲዞር ያየ ሾፌር ፖምፓውም እየዞረ ነው ብሎ ሊታለል ይችላል።

የዚህ ጉዳት በወረታ መንገድ ላይ በግልጽ ይታያል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚያ ከፍታ ክፍት ውኃ በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነና ቺንጋውም ከላላ፣ ጭነት ይዞ ዳገቱን የሚወጣ ካሚዮን ውኃውን አፍልቶ መቆሙ አይቀርም። ሜዳውም ቢሆን ከችግር ነጻ አይደለም፦ ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ጭቃማ ውኃ ቺንጋና ፑሊ ላይ ይረጫል።

መንሸራተቱ ከየት ይመጣል

አንድ ቀበቶ ሳይንሸራተት ምን ያህል መጎተት እንደሚችል የሚገልጸውን ቀመር ያወጣው የስዊስ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። በቀመሩ መሠረት በጠባቂውና በላላው የቀበቶ ወገን መካከል ያለው የውጥረት ንጽጽር፣ ሰበቃውና ቀበቶው ፑሊውን የሚያቅፍበት ማዕዘን ሲጨምሩ በእጥፍ ድርብ ያድጋል። የዲናሞ ፑሊ ትንሽ በመሆኑ የሚታቀፈው ማዕዘንም ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መንሸራተት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ጎኑ ሰያፍ የሆነው ቺንጋ የተመረጠው በፑሊው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ስለሚጣበቅ ነው። ለምሳሌ የሰበቃው መጠን 0.3፣ የእቅፉ ማዕዘን 150 ዲግሪ ቢሆን፣ ጠፍጣፋ ቀበቶ 2.2 ያህል ንጽጽር ሲኖረው፣ ባለ 38 ዲግሪ ቦይ ፑሊ ላይ ያለ ሰያፍ ቺንጋ ግን 11 ገደማ ይደርሳል። ውኃ ወይም ዘይት ሰበቃውን ወደ 0.15 ቢያወርደው 11 የነበረው ወደ 3.3 ያሽቆለቁላል። ቺንጋው በልቶ ቀጥኖ የቦዩን ወለል ከነካም የሽብልቅነቱ ጥቅም ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማጥበቅ ብዙ አይረዳም።

ምልክቶቹ

በጣም የታወቀው ምልክት ሞተሩ ሲነሳ ወይም ትልቁ መብራት ሲበራ የሚሰማው ሲጥ የሚል ድምፅ ነው። ጠዋት የሚበረታው ሞተር ለማስነሳት የተዳከመው ባትሪ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚጠይቅና ዲናሞው ለመዞር ስለሚከብድ ነው። ፑሊው ዙሪያ ጥቁር የጎማ ብናኝ ይታያል፣ የቺንጋውም ጎን ይንጸባረቃል። ሞተሩ ሲሠራ ባለ 12 ቮልት መኪና ባትሪ ላይ 14 ቮልት አካባቢ፣ ባለ 24 ቮልቱ ላይ 28 አካባቢ መነበብ አለበት። መብራት ሲበራ ቮልቱ ወርዶ ድምፁም አብሮ ከመጣ ዲናሞውን ከመፍታት በፊት ቺንጋውን ማየት ይበጃል።

ማስተካከል

ሥራው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባትሪው ነጋቲቭ ገመድ ተነቅሎ ይጀመራል። ፑሊዎቹ ከጭቃና ከዘይት ይጸዳሉ፤ ዘይት የጠጣ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋ ይጣላል። ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብ ካልታወቀ አዲሱም በቅርቡ ያንኑ ያደርጋል። ቀጥሎ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ቀጥ ባለ ብረት ይታያል። ከዚያ የዲናሞው ማሰሪያ ብሎኖች ላልተው፣ ዲናሞው ወደ ውጭ ተገፍቶ መልሰው ይጠብቃሉ። መግፊያው ዘንግ ጠንካራው መያዣ ላይ ካላረፈ ስሱ የአሉሚኒየም ሽፋን ይሰበራል።

ልኩ የሚታወቀው ቺንጋውን በ4 ኪሎ ያህል ኃይል በመጫን ነው፦ ዚል-131 ላይ ከ8 እስከ 14 ሚሊ ሜትር፣ ካማዝ-740 ላይ በረጅሙ ክፍል መካከል ከ15 እስከ 22 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ድምፁን ቢያጠፋም የዲናሞውንና የፖምፓውን ኩሽኔታ ይበላል። ሳሙና ወይም ግራሶ መቀባት ደግሞ የባሰ ነው፤ ድምፁ ይጠፋል፣ መንሸራተቱ ግን ይጨምራል። በካማዝ-740 አንዱ ቺንጋ ቢበጠስ ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አለዚያ ያልተሳበው አዲሱ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት ስለሚሳብ እንደገና መለካት ይኖርበታል።