ጉድለቱ ውበት የሆነለት የፔትስቫል ሌንስ

የፔትስቫል ሌንስ የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል እ.ኤ.አ. በ1840 በቪየና ከተማ የነደፈው የካሜራ ሌንስ ነው። በሒሳብ ስሌት ተቀምሮ የሰውን ፊት ለማንሳት በመዋሉ በፎቶግራፍ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ይዟል።

ቀደም ሲል የነበሩት ሌንሶች የሚያስገቡት ብርሃን አነስተኛ በመሆኑ፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው ለበርካታ ደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ግድ ይለው ነበር። ፔትስቫል አራት መስታወቶችን ሁለት ሁለት አድርጎ በማቀናጀት ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ሠራ። ፎክትሌንደር የተባለው ድርጅትም አምርቶ ለገበያ አቀረበው። ምስሉ የሚቀረጽበት ሰሌዳ ኬሚካልም ሲሻሻል፣ ደቂቃዎች የሚፈጀው ሥራ ወደ ሰከንዶች ወረደ።

ሌንሱ ግን ጉድለት ነበረበት። የሚፈጥረው ምስል ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎባጣ በመሆኑ መሃሉ ጥርት ሲል ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ ከበስተጀርባ ያለው ብርሃንም እንደ አዙሪት የሚሽከረከር ይመስላል። በኋላ የመጡ ሌንሶች ይህን ጉድለት አርመውታል።

ያም ሆኖ ብዙ የዘመናችን ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚወዱት ያንኑ አዙሪት ነው። መቀመጫውን ቪየና ያደረገው ሎሞግራፊም እ.ኤ.አ. በ2013 ሌንሱን ለዘመናዊ ካሜራዎች እንዲስማማ አድርጎ ዳግም አስተዋውቆታል።

አዙሪቱ ጎልቶ እንዲታይ የሚነሳውን ሰው መሃል ላይ ማድረግ፣ ከጀርባው ራቅ ብሎ በቅጠሎቹ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ዛፍ መምረጥ፣ የሌንሱንም የብርሃን መግቢያ በሰፊው መክፈት ያስፈልጋል። መግቢያው ሲጠብ አዙሪቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ መታየት ለሚገባው የመልክዓ ምድር ፎቶ ግን ሌላ ሌንስ መምረጥ ይመከራል።