ፋይሉ አለ፣ መስኮቱ አያሳይም
አዲስ ፋይል ተቀምጦ መስኮቱ ላይ ሳይታይ ሲቀር ጥፋቱን በፋይል ማሳያው ማላከክ ይቀናናል። የሊኑክስ ታሪክ ግን ጣቱን የሚቀስረው ለውጡን ለፕሮግራሙ በሚያሳውቀው የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ክፍል ላይ ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ዲኖቲፋይ የሚከታተለውን ፎልደር ሁሉ ከፍቶ ስለሚይዝ ፍላሽ ዲስክ እንኳ በሰላም አያስነቅልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከከርነል 2.6.13 ጋር የመጣው አይኖቲፋይ ይህን ፈታ፤ ሆኖም ለክትትሉ ብዛት ገደብ አለው (ለረጅም ጊዜ 8192 ነበር)፣ ሲሞላ አዲስ ፎልደር አይመዘገብም። «ታዲያ ፕሮግራሙ ራሱ በየሰከንዱ ለምን አይፈትሽም?» ይባል ይሆናል። መፈተሹንስ ይችላል፤ ዲስኩንና ባትሪውን እየበላ ነው እንጂ። በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ደግሞ ሌላ ሰው ከሌላ ኮምፒውተር የለወጠውን አይኖቲፋይ አይሰማም፤ እዚያ መስኮቱን ለማደስ ኤፍ5ን መጫን ዛሬም ብዙ ጊዜ ግድ ነው።