በሥዕል የተሠሩ ፕሮግራሞችን በስክሪፕት በጅምላ ማረም

ሥዕላዊ ፕሮግራሚንግ ትዕዛዝ በመጻፍ ፋንታ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ ኮምፒውተርን የሚያዙበት ስልት ነው። በመስኖ እርሻ ለምሳሌ አንዱ ሳጥን የአፈርን እርጥበት መጠን ይቀበላል፤ ሁለተኛው መጠኑ ከተወሰነው በታች መውረዱን ይመረምራል፤ ሦስተኛው ፓምፑን ያስነሳል። ለሚያየው ሰው ሥዕል ይኹን እንጂ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ዘንድ በፋይል የሚቀመጠው ተራ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ በመኾኑም በእጅ ረዥም ጊዜ የሚፈጅ እርማት ትዕዛዞችን በቅደም ተከተል በያዘ አጭር ስክሪፕት በቅጽበት ሊከናወን ይችላል። ስሕተትም ቢኖር በዚያው ፍጥነት በሁሉም ቦታ ይገባል።

መለኪያዎችንና ፓምፖችን ለመቆጣጠር ከሚያገለግሉት መካከል ኖድ-ሬድ ይጠቀሳል። ኒክ ኦሊሪ እና ዴቭ ኮንዌይ-ጆንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በአይ ቢ ኤም ውስጥ የጀመሩት ሲኾን፣ በነጻ የሚገኝና ራዝቤሪ ፓይ በተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ጭምር የሚሠራ ነው። ሥዕሉን የሚያስቀምጠው ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ነው። በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ሳጥን መለያ፣ ዓይነት፣ ስም እና በገጹ ላይ ያለበት ቦታ ተጽፎለታል፤ መስመሩ የሚደርስባቸው ሳጥኖች መለያም አብሮ ሰፍሯል።

አርባ ማሳዎች፣ ለእያንዳንዱም የየራሱ የእርጥበት ወሰን አለ እንበል። ወሰኑ ከ30 ወደ 35 ከፍ እንዲል ቢፈለግ ባለሙያው አርባውንም ሳጥኖች እየከፈተ መለወጥ ይኖርበታል። አንዱን ቢዘልል ሥዕሉ ምንም አያሳይም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ማሳው ውኃ ሲጠማው ነው።

ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ 30 ያለበትን ሁሉ በ35 መተካት አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉም የከፋው መንገድ ይኸው ነው። ፓምፑ ለ30 ደቂቃ እንዲሠራ የሚያዘው ሳጥንም 35 ይኾናል። የሳጥኑ ቦታ 300 ከነበረ 350 ይኾናል። ከቁጥርና ከላቲን ፊደላት የተቀናበረው መለያም ውስጡ 30 ካለበት ይለወጣል። መለያው በፋይሉ ውስጥ በሁሉም ቦታ አብሮ ስለሚለወጥ መስመሮቹ ላይበጠሱ ይችላሉ፤ ኾኖም የይለፍ ቃሎች በሌላ ፋይል በቀድሞው መለያ የተመዘገቡ በመኾናቸው ሳጥኑ የይለፍ ቃሉን ያጣል።

ትክክለኛው ስክሪፕት ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ሳይኾን እንደ መዝገብ ያነባል። ዓይነታቸው የወሰን መመርመሪያ የኾኑትን፣ ስማቸውም «ማሳ» ብሎ የሚጀምረውን ሳጥኖች ብቻ ይመርጣል፤ ከእነርሱም የወሰኑን ዋጋ ብቻ ይለውጣል። በፓይተን ቋንቋ ይህ ከጥቂት መስመሮች አያልፍም። ከዚያ በፊት የፋይሉ ቅጂ በሌላ ስም መቀመጥ አለበት። ኖድ-ሬድ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሣ ስለኾነ፣ አስቀድሞ ማቆምና ከእርማቱ በኋላ እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል። ሳይቆም ቀርቶ አንድ ሰው በማሰሻው ላይ «ዲፕሎይ» የሚለውን ቁልፍ ከተጫነ አሮጌው ሥዕል በአዲሱ እርማት ላይ ይጻፍበታል።

ሁሉም መሣሪያዎች ሳጥኖቻቸውን በመለያ አይለዩም። ሚለር ፓኬት ለድምፅና ለሙዚቃ ሥራ ባዘጋጀው ፒዩር ዳታ ሳጥኖች የሚታወቁት ከዜሮ በሚጀምር ተራ ቁጥራቸው ነው። አንድ ሳጥን ከመካከል ተሰርዞ የመስመሮቹ ቁጥር ካልተስተካከለ ከእርሱ በታች ያሉት ግንኙነቶች ሁሉ ወደ ሌላ ሳጥን ይዞራሉ። ሕፃናት የሚማሩበት ስክራች ደግሞ ሥራውን በዚፕ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ ሲፈታ በውስጡ የጄሰን ፋይል ይገኛል። የስክራች ገጽ በአማርኛም ይሠራል፤ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የትዕዛዝ ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ስክሪፕት በአማርኛም በሌላም ለተሠራው ያገለግላል።

ተጠቃሚው በአማርኛ የሰጣቸው ስሞች ለብቻቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። ፓይተን ጄሰንን መልሶ ሲጽፍ፣ ካልተነገረው በቀር፣ የግዕዝ ፊደላትን ወደ ቁጥራዊ ኮድ ይለውጣቸዋል። ፕሮግራሙ አይበላሽም፤ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ሰው ግን ምን እንደተለወጠ መለየት ያቅተዋል። ፊደላቱ እንዳሉ እንዲቆዩ ማዘዝ የአንዲት ቃል ሥራ ነው።

ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ስንት ሳጥን እንዳገኘ እንዲናገር ማድረግ ይገባል። አርባ ሲጠበቅ 39 ካለ ፋይሉ ሳይነካ ይቆይ፤ የጎደለውም ይፈለግ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በስሙ ላይ ነው፦ አንዱ ባለሙያ «ማሳ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ማሣ» ብሎት ይኾናል። ለአንባቢ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው።